ስለ በላዔ ሰብ ታሪክ ሰሚዎችና ስለ ምግባር ጠባቂዎቻቸው

አንድ መጽሐፍ ብዙ ወዳጆች ባፈራ ጊዜ፥ ከወዳጆቹ መካከል «የመጽሐፉ ዘበኞች ነን» የሚሉ ሰዎች መነሣታቸው በየአገሩ የታየ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች መጽሐፉን ከጠላት ከመጠበቅ ይልቅ አብረዋቸው የሚያደምጡትን ሰዎች ሲጠብቁ ይውላሉ፤ ማን በየትኛው ታሪክ እንዳለቀሰ፥ ማን የትኛውን ሰው እንደ ወደደ፥ ማንስ ጥያቄ እንዳነሣ ይመረምራሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ልማድ በተአምረ ማርያም ሰሚዎች ዘንድ፥ ይልቁንም በበላዔ ሰብ ታሪክ ዙሪያ፥ እንዴት እንደሚገለጥና ተራውን ሰሚ ለምን እንደሚያስመርረው ነው። መነሻችንም በደቡብ ወሎ የሚገኘው የውጫሌ፥ የሐይቅና የአምባሰል አካባቢ ነው።

ውጫሌ በተባለ ጊዜ ለታሪክ አንባቢ አስቀድሞ ትዝ የሚለው በሚያዝያ ወር 1881 ዓ.ም. በይስማ ንጉሥ የተፈረመው ውልና ከ17ኛው አንቀጽ የተነሣው ጠብ ነው። ለያዝነው ጉዳይ ግን ይበልጥ የሚጠቅመን ከውጫሌ በስተደቡብ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በዚህ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በአውሮፓ አቆጣጠር በ13ኛው መቶ ዓመት ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተማሩ፤ መጻሕፍትም አስጻፉ፤ በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ ያበረከቱት አራቱ ወንጌል በአገራችን የጽሕፈት ታሪክ ስመ ጥር ነው። ከዚያም በኋላ የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕርግ በቤተ መንግሥት ታላቅ ሥልጣን ነበረው። እንግዲህ መጽሐፍን መጻፍ፥ ማንበብና የሰሚውን ጠባይ መጠበቅ በዚህ አገር የቆየ ነገር ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የአካባቢው ሕዝብ እስላምና ክርስቲያን ሆኖ በአንድ መንደር የሚኖር፥ በጋብቻና በሥጋ ዝምድና የተሳሰረ ስለሆነ፥ የአንዱ ወገን ንባብና ዜማ ከሌላው ጆሮ አይሰወርም።

ተአምረ ማርያም አንድ መጽሐፍ ይባል እንጂ በእውነቱ እያደገ የሄደ የመጻሕፍት ሰንሰለት ነው። መሠረቱ በምዕራብ አውሮፓ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሰበሰቡ ታሪኮች ሲሆኑ፥ በዐረብኛ በኩል አልፈው በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት (በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1382 እስከ 1413) ወደ ግዕዝ ተመለሱ። ኢጣልያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ ይህን ጉዞ በ1943 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው መርምረውታል። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ሊቃውንት የገዛ አገራቸውን ታሪክ እየጨመሩበት ሄዱ። አንዱ ጥራዝ 33 ተአምር ሲይዝ ሌላው ከ300 በላይ ይይዛል፤ በቅርብ ዓመታት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰበው ዝርዝር ደግሞ ከ1000 በላይ ልዩ ልዩ ታሪክ መኖሩን ያሳያል። ስለዚህ ሰሚው «የቱን ተአምር ትወዳለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመርጠው አያጣም፤ ጠቡም የሚነሣው ከዚሁ ምርጫ ነው።

የሰሚን ጠባይ መጠበቅ በመጽሐፉ ደጃፍ ላይ መቆሙን ልብ ማለት ይገባል። በመጽሐፉ መጀመሪያ ከሚገኙት ታሪኮች አንዱ የጥልጥልያ ጳጳስ የደቅስዮስ ታሪክ ነው። ጥልጥልያ የተባለችው በእስፓንያ ያለችው ቶሌዶ ናት፤ ደቅስዮስም በምዕራባውያን ዘንድ ኢልደፎንሱስ የሚባለው ጳጳስ ነው። ተአምሯን ስለ ሰበሰበና በዓሏን ስላከበረ እመቤታችን ልብስና ወንበር ሰጠችው፤ ከእርሱ በኋላ የተሾመው ጳጳስ ግን ሳይገባው ልብሱን ለብሶ በወንበሩ ቢቀመጥ ወድቆ ሞተ። ሰሚው እንግዲህ ወደ ሌላው ታሪክ ከመግባቱ በፊት የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቅዱሱን ነገር ሁሉም ሰው መንካት እንደማይችል ነው። ይህን ያልተገነዘበ ተመራማሪ የኋለኞቹን ዘበኞች ከየት መጡ ብሎ ሊደነቅ ይችል ይሆናል።

የንባቡ ሥርዓት የታወቀ ስለሆነ አናስረዝመውም። ተአምሩ በቤተ ክርስቲያን በሰንበትና በበዓል ቀን ሕዝቡ ቆሞ ይነበባል፤ ከንባቡም በኋላ ምእመናን መጽሐፉን ይሳለማሉ። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት፥ በዋዜማው ሌሊት ሩካቤ የፈጸሙ ባልና ሚስትም ወደ ውስጥ ሳይገቡ በቅጥሩ ቆመው ያደምጣሉ። ማን በውስጥ ማን በውጭ እንደ ቆመ ደግሞ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያያል። እዚህ ላይ ጠባቂ መሾም አያስፈልግም፤ ዐይን ሁሉ ጠባቂ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ወደ ማኅበሩ ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። የእመቤታችን ማኅበርተኞች በየወሩ በ21 ቀን፥ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞች ደግሞ በ16 ቀን በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ጠላውና ዳቦው ይቀርባል፤ የነፍስ አባት ይባርካሉ፤ ጽዋው ይዞራል፤ በመጨረሻም ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። ማኅበሩን የሚመራው «ሙሴ» ይባላል። የቀረ አባል መቀጮ ይከፍላል፤ ተጣልተው የመጡ ሁለት አባሎች ደግሞ ሳይታረቁ ጽዋውን አይጠጡም። ይህ የመጨረሻው ደንብ የማኅበሩ ዋና ጥቅም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለ ድንበር፥ ስለ ከብት ወይም ስለ ርስት የተጣሉ ጎረቤቶች በወሩ ቀን ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ሙሴውና ካህኑም ያስታርቋቸዋል። በወሎ «አበጋር» የሚባሉት አስታራቂዎች በትልቁ ጉዳይ የሚያደርጉትን ማኅበሩ በትንሹ ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን የምግባር ጥበቃ የሚጠላ ሰው አታገኙም፤ ምክንያቱም ደንቡ የታወቀ ነው፤ ዳኛው የታወቀ ነው፤ መቀጮው የታወቀ ነው፤ መውጫውም ዕርቅ ነው።

የሚያስመርረው ሁለተኛው ዐይነት ነው። እርሱን ለመረዳት የበላዔ ሰብን ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል።

በላዔ ሰብ የቅምር ሰው ሲሆን ስሙ ስምዖን ይባል ነበር። በሕዝብ ዘንድ እንደሚነገረው አስቀድሞ እንደ አብርሃም እንግዳ የሚቀበል ደግ ሰው ነበረ። ሰይጣን በእንግዳ አምሳል መጥቶ ልጁን እንዲያርድለት ጠየቀው፤ እርሱም ታዞ አረደ፤ ከሥጋውም ቀመሰ፤ ከዚያ በኋላ የሰው ሥጋ ከመብላት በቀር ሌላ አልሆንለት አለ። ቤተ ሰቡንም ጨምሮ 78 ሰው በላ። ከዕለታት አንድ ቀን ቍስለኛና ጥም የጸናበት ነዳይ ውሃ ለመነው። በእግዚአብሔር ስም፥ በቅዱሳን ስም ቢለምነው እምቢ አለ፤ በማርያም ስም ቢለምነው ግን ልቡ ራራና ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ከዚያም ወደ ዋሻ ገብቶ በንስሐ ሞተ። ነፍሱ ለፍርድ በቀረበች ጊዜ 78ቱ ነፍሳት በአንዱ ወገን፥ ጥርኝ ውሃው በሌላው ወገን ተመዘኑ፤ ሚዛኑ ወደ ጥፋቱ ቢያጋድል እመቤታችን ጥላዋን በውሃው ላይ ጣለችበትና ውሃው መዘነ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥዕሉ አይጠፋም፤ ሰውየው ውሃውን ለነዳዩ ሲያፈስ፥ በአጠገቡም ሚዛኑና ጥላዋን የምታሳርፈው እመቤት ይታያሉ። ታሪኩ በይበልጥ የሚታሰበው በየካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ነው።

ይህን ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ለምን እንደሚወዱት ግን አንድ መልስ የለም። አንዱ «እኔም ኃጢአተኛ ነኝ፥ ለእርሱ የደረሰች ለእኔም ትደርሳለች» ብሎ ይወደዋል። ሌላው፥ ይልቁንም ሽማግሌዎች፥ ደግ የነበረው ሰው በእንግዳ አምሳል በመጣ አሳች መጥፋቱ ያሳዝናቸዋል። እናቶች ስለ ታረደው ልጅ ያለቅሳሉ። የሚበዙት ደግሞ በነዳዩ ቦታ ራሳቸውን ያደርጋሉ፤ ለምኖ ማጣትን የሚያውቅ ሰው በጥርኝ ውሃ ትልቅነት አይደነቅም።

የምግባር ጠባቂው በዚህ ጊዜ ይገባል። አንደኛው ጠባቂ ከውስጥ ነው፤ ታሪኩን አጥብቆ የሚወድ፥ ነገር ግን ሌላው ሰው እርሱ እንደ ወደደው ብቻ እንዲወደው የሚሻ ነው። «78ቱ የተበሉት ሰዎች ዕጣቸው ምን ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ወጣት፥ ጥያቄው ከርኅራኄ የመጣ ቢሆንም፥ ወዲያው «ጸረ ማርያም» ይባላል። በዛሬው ዘመን «ተሐድሶ» የሚለው ስም ይጨመርበታል። ይህ ስም አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በማኅበሩ ደንብ የሚነሣበት መንገድ የለም፤ መቀጮ ከፍሎ አይወጣበትም፤ ማንም ሽማግሌ አልፈረደበትምና ሽማግሌ ሊያነሣለት አይችልም። የጠየቀውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከማኅበሩ አይወጣም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ።

ሁለተኛው ጠባቂ ደግሞ በተቃራኒው በኩል የቆመ ነው። እርሱ «ይህ ታሪክ ምግባር ያበላሻል» ይላል። 78 ሰው የበላ በጥርኝ ውሃ ከዳነ፥ ሌባውም ነፍሰ ገዳዩም «ነገ ጥርኝ ውሃ እሰጣለሁ» እያለ ዛሬ ያጠፋል ሲል ይከራከራል። ስለዚህ በታሪኩ የሚያለቅሱትን ሴቶች ሰነፎች፥ ወይም ኃጢአትን የሚያቃልሉ ያደርጋቸዋል። ሊቃውንቱ ለዚህ ክርክር ከጥንት መልስ አላቸው፤ ያዳነው የውሃው ብዛት ሳይሆን የልቡ መመለስና ምልጃው እንደሆነ፥ ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ጽዋም በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ቍጥር 42 የተነገረ ቃል መኖሩን ይጠቅሳሉ። የነገረ መለኮቱን ጉዳይ ለባለቤቶቹ እንተወውና፥ በሕዝብ ሥርዓት ጥናት በኩል ስናየው የዚህ ጠባቂ ስሕተት ሌላ ነው። ታሪኩ ሰውን ወደ ምን ተግባር እንደሚመራ አልተመለከተም። በዐማራ አገር የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጃፉ የሚለምነው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው። ይህ ልመና ከበላዔ ሰብ ነዳይ ልመና ጋራ አንድ ነው። ታሪኩን የሰማች የቤት እመቤት ነፍስ ለመግደል አትነሣሣም፤ ለተማሪው ቍራሽ እንጀራ ለመስጠት እንጂ። የዜማና የቅኔ ቤቱ ሁሉ ለብዙ መቶ ዓመታት የተመገበው በዚህች ቃል ነው። ከዚህ የተነሣ፥ በእኛ አስተያየት፥ ታሪኩን «ምግባር ያበላሻል» ማለት የምግባሩን ፍሬ ሳያዩ በቅጠሉ መፍረድ ነው።

ሁለቱ ጠባቂዎች እርስ በርሳቸው ጠላቶች ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም ሰሚው ታሪኩን ሲሰማ በልቡ ያደረውን ነገር እንዲያስመረምር ይፈልጋሉ። በመካከል ያለው ሰው፥ ይኸውም ታሪኩን የሚወድ፥ ሲወደውም የሚጠይቅ፥ ከሁለቱም በኩል ይመታል።

ጥበቃው ከመንግሥት ሥልጣን ጋራ በተጋጠመ ጊዜ ምን እንደሚሆን ታሪካችን ያሳየናል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468) የተአምረ ማርያምን ንባብ ያጸኑ፥ 33ቱን የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ያዘዙ ንጉሥ ናቸው። የመጽሐፉ ታላቅ ወዳጅ ማን ነበር ቢባል ከእርሳቸው የሚቀድም አይገኝም። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው ግን ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፥ በቀኝ እጁ ሰይጣንን መካዱን፥ በግራ እጁ ደስክ የተባለውን ጣዖት መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን ጽፎ እንዲሄድ ታዘዘ። ፍቅር በሰውነት ላይ ተጽፎ እንዲታይ ሲታዘዝ ያልጻፈው ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆናል። በጣዖት አምልኮ ተከሰው የተቀጡት የንጉሡ የገዛ ልጆች ጭምር ነበሩ። የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፥ «ደቂቀ እስጢፋኖስ» የሚባሉት መነኰሳት፥ ስግደት ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው በማለታቸው ብርቱ ስቃይ ተቀበሉ፤ አፍንጫና ምላሳቸው ተቈረጠ፤ በድንጋይም ተወገሩ። ከውግራቱ ከ38 ቀን በኋላ በሰማይ ብርሃን ስለ ታየ ንጉሡ ደብረ ብርሃንን በዚያ ቦታ መሠረቱ። እነዚህ መነኰሳት ያስተላለፉልንን ገድል ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ወደ ዐማርኛ መልሰውልናል፤ አንባቢው የተከሳሾቹን ቃል ከከሳሾቹ ቃል ጋራ አስተያይቶ ሊያነብ ይችላል። በዚያው ዘመን እነርሱን የሚያወግዙ ታሪኮች በራሱ በተአምረ ማርያም ውስጥ ገቡ። የመጽሐፉ ሰሚዎች ጠብ የመጽሐፉ ምዕራፍ ሆነ ማለት ነው፤ ይህ በሌላ አገር እምብዛም የማይገኝ ነገር ይመስለናል።

ስለ ወሎ ከተናገርን ዘንድ የእስላሙን ወገን አለማንሣት ያጐድለናል። ከደሴ አቅራቢያ ባለው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ባደረጉት ጉባኤ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ከዚህ በኋላ ከተነሡት ተቃዋሚዎች አንዱ ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ነበሩ። እኒህ ሰው በዐማርኛ መንዙማ በመግጠምም የታወቁ ናቸው። መንዙማ ነቢዩንና ወልዮችን የሚያወድስ ግጥም ሲሆን፥ ብዙውን ጊዜ በዐጀም፥ ማለት በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ ዐማርኛ፥ ተይዞ ይኖራል፤ በወዳጃ ስብሰባ ላይም ከቡናው፥ ከጫቱና ከድቤው ጋራ ይዜማል። ከ20ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተነሡ አጥባቂዎች ድቤውንና ጫቱን፥ ወደ ወልዮች መቃብር የሚደረገውንም ዚያራ ይነቅፋሉ። ግጥሙን በልቡ የያዘ ሽማግሌ በልጁ ዘመን «ያ ሁሉ ሐራም ነበር» ሲባል ይሰማል። የክርስቲያኑም የእስላሙም ሽማግሌ፥ ጎረቤታሞች ስለሆኑ፥ ቅሬታቸው የሚመሳሰል መሆኑን ያውቃሉ። መርየም በቍርኣን በስሟ የተጠራ ምዕራፍ፥ 19ኛው ሱራ፥ ያላት ስለሆነች፥ የእመቤታችን ስም በእስላሙ ዘንድም የሚከበር ስም ነው።

ጉዳዩ በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አለመሆኑን ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ጀርመናዊው ደራሲ ጌቴ በ1774 «የወጣቱ ቬርተር ሐዘን» የሚለውን ልብ ወለድ ባሳተመ ጊዜ ወጣቶች እንደ ባለታሪኩ ሰማያዊ ካባና ቢጫ ሰደርያ መልበስ ጀመሩ፤ ባለታሪኩ ራሱን ስለ ገደለ በሚቀጥለው ዓመት የላይፕሲክ ከተማ ሹማምንት መጽሐፉንም ልብሱንም ከለከሉ። በእኛም ዘንድ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ከተጻፈ በኋላ በይዘቱ ምክንያት ብዙ ዓመት ሳይታተም ቈይቷል። ነገር ግን እነዚህ የመከልከል ታሪኮች ከያዝነው ጉዳይ ይለያሉ፤ ከሹም የመጣ ክልከላ መጽሐፉን ያጠፋል ወይም ያስከብረዋል፤ ከጎን ከተቀመጠ ሰሚ የመጣ ጥበቃ ግን መጽሐፉን ትቶ ሰሚውን ይነካል።

በመጨረሻ አንድ አዲስ ለውጥ እናንሣ። ተአምረ ማርያም በግዕዝ ብቻ ሲነበብ በነበረበት ዘመን ተራው ሰሚ ታሪኩን የሚያገኘው በካህኑና በደብተራው አፍ፥ በሥዕሉም በኩል ነበረ። የትኛው ታሪክ ለየትኛው ሰሚ እንደሚነገር፥ ምን እንደሚታለፍ፥ ምን እንደሚብራራ ተራኪው ይመዝን ነበር። ከበላዔ ሰብ ታሪክ ውስጥ ለሕፃናት የልጁን መታረድ ዘሎ ስለ ውሃው ብቻ መናገር ይቻል ነበር። ግዕዙ ከዐማርኛ ትርጕም ጋራ ታትሞ በየቤቱ ከገባ ወዲህ ማንም ማንበብ የቻለ ሰው ሙሉውን ብቻውን ያገኘዋል። ብቻውን የሚያነብ ሰው ሲያለቅስ አይታይም፤ ሲጠይቅም አይሰማም። ጠባቂው የሚያገኘው ያነበበውን ነገር በማኅበሩ ቀን ጽዋው ከዞረ በኋላ ሊናገር አፉን ሲከፍት ብቻ ነው፤ ተናጋሪውም በዚያን ሰዓት በዙሪያው ማን ማን እንደ ተቀመጠ አስቀድሞ ያያል።